ኮሜርስ ሲቲና ሬቸል ካርሰን

ኮሜርስ ሲቲ ካለው ቤቴ ጥቂት ደቂቃ ስነዳ የአሜሪካ ጎሽ የሚግጥበት ሰፊ ሜዳ አገኛለሁ። ዛሬ የዱር እንስሳት መጠለያ ነው። በ1942 (ዘመኑ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው) ግን የጦር ሠራዊቱ የመርዝ ጋዝ ማምረቻ ነበር፤ ከ1952 እስከ 1982 ደግሞ የሼል ኩባንያ ፀረ ተባይ አመረተበት። የዚህን ምድር ጉዳት ለዓለም ካሳወቁት አንዷ ሬቸል ካርሰን ናትና ዛሬ ስለ እሷ ላጫውታችሁ።

ሬቸል በ1907 በፔንስልቬንያ ተወለደች። በ1932 ከጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ በሥነ እንስሳት የማስተርስ ዲግሪ አገኘች። በ1935 አባቷ ሲሞቱ የቤተሰቡ ሸክም በእሷ ላይ ወደቀ። በመንግሥት የዓሣ ሀብት መሥሪያ ቤት ተቀጥራ ቀን እየሠራች ማታ ትጽፍ ነበር። በ1951 ስለ ባሕር ያሳተመችው መጽሐፍ እጅግ ስለተወደደ፣ በዓመቱ ሥራዋን ለቅቃ ሙሉ ጊዜዋን ለጽሑፍ ሰጠች።

በ1962 ባወጣችው መጽሐፍ፣ ዲዲቲና መሰሎቹ ከተረጩበት እንደማይቀሩ፣ ከቅጠል ወደ ትል፣ ከትል ወደ ወፍ እንደሚሻገሩ አስረዳች። ከማስረጃዎቿ አንዱ የእኛው ሰፈር ነው። ኩሬ ውስጥ የተጣለው የፋብሪካ ዝቃጭ በምድር ውስጥ ቀስ ብሎ ተጉዞ፣ ርቀው የሚኖሩ ገበሬዎችን ጉድጓድ በከለ፤ ሰብላቸውንም አጠፋ።

የኬሚካል ኩባንያዎች ዘመቱባት። እሷ ግን ፀረ ተባይ ፈጽሞ ይቅር አላለችም፤ ጉዳቱን ሳናውቅ አንርጭ ነበር ክርክሯ። ያን ጊዜ የጡት ካንሰር ይዟት ነበር። በ1963 ሴኔት ፊት ቀርባ መሰከረች፤ በአፕሪል 1964 በ56 ዓመቷ ዐረፈች።

የድካሟን ፍሬ አላየችም። በ1963 ከአላስካ በስተቀር በአሜሪካ ግዛቶች ጎጆ የሠሩ ራሰ ነጭ ንስሮች 500 ጥንድ እንኳ አይሞሉም ነበር። ዲዲቲ በ1972 ለእርሻ ተከለከለ። በ1986 ንስሮቹ እዚሁ ሜዳ ላይ ሲከርሙ ተገኙ፤ በ1992 መጠለያ እንዲሆን ሕግ ወጣ፤ ጎሾቹ በ2007 መጡ። የከርሰ ምድሩ ውሃ ግን ዛሬም እየተጣራ ነው።

ልጅ ሳለሁ የወባ ሠራተኞች ቤታችንን ዲዲቲ ሲረጩ ሽታው ትዝ ይለኛል። ከወባ ያዳነንን አላማም። ነገር ግን ኋላ በስምጥ ሸለቆ ሐይቆቻችን ዓሦች ውስጥ ቅሪቱ ተገኝቷል። እኔ መሐንዲስ ነኝ፤ የሥራዬን ወጪ የምሰላው እስከ አጥሩ ድረስ ነበር። ከአጥሩ ማዶ ያለውንም እንድቆጥር ያስተማረችኝ ሬቸል ናት። አገር ቤት ፋብሪካ ወይም ሰፊ እርሻ ለማቋቋም የምታስቡ ወገኖቼ፣ ከትርፉ በፊት ዝቃጩ ወደ ማን ጉድጓድ እንደሚሄድ ጠይቁ።

ቸር ይግጠመን።