የሜዳውን ወሰን የተሻገረው የክሪኬት ጸሐፊ

ፋሺስት ጣሊያን ኢትዮጵያን በወረረበት ዘመን አንድ ጥቁር ጸሐፊ በንጉሠ ነገሥቱ ጦር ውስጥ ገብቶ ለመዋጋት ፈቃደኛ መሆኑን ለንደን ለሚገኘው የኢትዮጵያ ሌጋሲዮን አስታወቀ። ሰውየው የመጣው ከካሪቢያን ባሕር ደሴት፣ ከትሪኒዳድ ነበር። እንጀራውን የሚያገኘውም በእንግሊዝ ጋዜጣ ላይ ስለ ክሪኬት ጨዋታ እየዘገበ ነው። በጎንደር ተወልደው፣ ከመቅደላ ጦርነት በኋላ በእንግሊዝ መኮንኖች እጅ ሕንድ ውስጥ ያደጉት ሚኒስትሩ ሐኪም ወርቅነህ እሸቴ ግን ለንደን ሆኖ የጀመረውን ሥራ ቢቀጥል ለትግሉ የበለጠ እንደሚጠቅም ነገሩት። ይህ ሰው ሲሪል ላየነል ሮበርት ጄምስ ይባላል። ዓለም የሚያውቀው ሲ.ኤል.አር. ጄምስ በሚለው አጠራር ነው።

የጄምስን ስም ለትውልድ ካሻገሩት ሥራዎች አንዱ በ1963 ለንደን ላይ የታተመው «ከወሰን ባሻገር» የተሰኘው መጽሐፉ ነው (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ስለ ክሪኬት ከተጻፉት መጻሕፍት ሁሉ የላቀው እርሱ ነው የሚሉ ብዙ ናቸው።

ክሪኬት በአገራችን እምብዛም አይታወቅም። አሥራ አንድ አሥራ አንድ ተጫዋች ያላቸው ሁለት ቡድኖች ይገጥማሉ። ወርዋሪው በመሬት ላይ የተተከሉ ሦስት እንጨቶችን በኳስ ለመምታት ይሞክራል፤ መቺው በጠፍጣፋ ዱላ እየተከላከለ ኳሷን ያርቃል፤ እየሮጠም ነጥብ ይሰበስባል። በአገሮች መካከል የሚደረገው ትልቁ ግጥሚያ እስከ አምስት ቀን ይዘልቃል። ዱላና ኳስ በመኖሩ የገናን ጨዋታ የሚያስታውስ አንባቢ ይኖራል፤ መመሳሰሉ ግን እዚያው ላይ ያበቃል። በመጽሐፉ ርዕስ ላይ ያለው ወሰን የሜዳውን ዳር የሚያመለክተው መስመር ነው። የወሰን ድንጋይ መሬትን እንጂ ዝናብን እንደማይከፍል ለሚያውቅ ገበሬ የጄምስ ሐሳብ እንግዳ አይሆንበትም፦ ከመስመሩ ውጭ ያለው ኑሮ ሁሉ፣ መደቡም የቆዳ ቀለሙም፣ ወደ ሜዳው ይገባል።

ጄምስ ጥር 4 ቀን 1901 ሲወለድ ትሪኒዳድ በእንግሊዝ ቅኝ አገዛዝ ሥር የነበረች፣ ሸንኮራ አገዳና ካካዋ አብቃይ ደሴት ነበረች። ባርነት ከቀረ ገና ስድሳ ምናምን ዓመቱ ነው። አባቱ የትምህርት ቤት መምህር፣ እናቱም መጽሐፍ ከእጇ የማይለይ አንባቢ ነበረች። የእናቱ አባት ጆሽ ራደር የባቡር ነጂ ነበር። ጄምስ በመጽሐፉ ስለ እኚህ አያቱ የሚተርከው ታሪክ ከጨዋታ ጋር ግንኙነት የሌለው ይመስላል፤ ነገር ግን የመጽሐፉ ቁልፍ ነው። የአገዳ ምርት በሚሰበሰብበት ወቅት የብሬኪን ካስል ስኳር ፋብሪካ ትልልቅ ሞተሮች ቆሙ። ነጮቹ መሐንዲሶች ሞክረው አቃታቸው። አገዳ ከተቆረጠ በኋላ እንደማይጠብቅ የሚያውቅ ሁሉ የጭንቀቱን መጠን ይረዳል። በመጨረሻ ጆሽ ተጠራ። ማንም እንዳይከተላቸው ነግረው ብቻቸውን ገቡ፤ ሞተሩም ተነሣ። ምን እንዳደረጉ ግን ለመሐንዲሶቹ አልተናገሩም። ዲግሪና ማዕረግ ይዘው ያልቻሉትን ለሠራው ጥቁር ያ ምስጢር ብቸኛ ሀብቱ ነበርና ለእነርሱ የሚነግርበት ምክንያት አልታያቸውም።

ልጁ ጄምስ ቱናፑና በተባለችው ከተማ ያደገበት ቤት ከክሪኬት ሜዳ ጋር የተፋጠጠ ነበር። በመስኮቱ ሥር ካለው ወንበር ላይ ሲቆም ጨዋታው ይታየዋል፤ ከዚያው ወንበር ላይ እጁን ሲዘረጋ በቁም ሳጥኑ አናት የተደረደሩትን መጻሕፍት ያገኛል። ከጎረቤቶቹ አንዱ ማቲው ቦንድማን የሚባል ሥራ ፈት ሰው ነበር። ባዶ እግሩን የሚሄድ፣ አፈ ክፉ፣ ጨዋ ቤተሰብ የሚጸየፈው። ዱላውን ይዞ ሜዳ ሲገባ ግን የሚጸየፉት ሁሉ ዓይናቸውን መንቀል ያቅታቸዋል። በሕይወቱ የወደቀ ሰው በሜዳ ላይ እንዲህ ያማረበት ለምንድን ነው? ልጁ ጥያቄውን ለአምስት አሥርት ዓመታት ያህል ይዞት ኖረ።

በዘጠኝ ዓመቱ ለዋና ከተማዋ ታዋቂ ትምህርት ቤት፣ ለኩዊንስ ሮያል ኮሌጅ፣ ነፃ ትምህርት አሸነፈ። በዚያም ዳኛ በወሰነው አለመከራከርን እንደ ሃይማኖት ተማረ። ትምህርቱን ሲጨርስ የትኛውን የክሪኬት ክለብ ይቀላቀል የሚለው ጥያቄ ተነሣ። ነገሩ ቀላል አልነበረም። በፖርት ኦፍ ስፔን ክለቦቹ በቀለምና በኑሮ ደረጃ ተከፋፍለው ነበር፦ ኩዊንስ ፓርክ የባለጸጋ ነጮች፣ ሜፕል ቆዳቸው ፈካ ያለ መካከለኛ መደብ፣ ሻነን ደግሞ የጥቁር መምህራንና የጸሐፊዎች ነበር፤ ስቲንጎ የድኻው ሠራተኛ ቡድን ነው። ጄምስ ጥቁር ቢሆንም ስለተማረ ሜፕል ተቀበለው። በዚህ ምርጫ የራሱን ሕዝብ ትቶ መሄዱን፣ የፖለቲካ ንቃቱንም ለዓመታት ማዘግየቱን በኋላ በመጽሐፉ ሳይሸሽግ አስፍሮታል።

ሻነን ውስጥ ሌሪ ኮንስታንቲን ነበር፤ በዘመኑ ከታወቁት ተጫዋቾች አንዱ። ኮንስታንቲን በእንግሊዝ ኔልሰን ለተባለች የጨርቃ ጨርቅ ከተማ ክለብ በክፍያ ይጫወት ስለነበር ጄምስን ወደዚያ ጋበዘው፤ ጄምስም በ1932 ባሕር ተሻገረ። ኮንስታንቲን በ1933 ያሳተመውን የሕይወት ታሪኩን እንዲጽፍ ረዳው፤ እርሱም ዕውቁን የክሪኬት ጸሐፊ ኔቪል ካርደስን አግኝቶ ለማንቸስተር ጋርዲያን ጋዜጣ መዘገብ ጀመረ።

የኢትዮጵያ ጉዳይ የመጣው በዚህ መካከል ነው። ጄምስ በለንደን የተቋቋመው የአፍሪካውያን የኢትዮጵያ ወዳጆች ማኅበር ሊቀ መንበር ሆነ። ኤሚ አሽውድ ጋርቬይ፣ ጆርጅ ፓድሞርና በኋላ የኬንያ መሪ የሆኑት ጆሞ ኬንያታ አብረውት ነበሩ። በ1938 ደግሞ ባሪያዎች ተነሥተው ነፃ አገር ስለመሠረቱባት ስለ ሄይቲ አብዮት «ጥቁር ያዕቆባውያን» የተባለውን ታላቅ የታሪክ መጽሐፉን አሳተመ። በዚያው ዓመት ወደ አሜሪካ ሄዶ አሥራ አምስት ዓመት ተቀመጠ። የዚያ ዘመን ሥራው በጥቃቅን የግራ ክፍል ቡድኖች ክርክር የተሞላ በመሆኑ እዚህ ላይ አያቆየንም። አንድ ነገር ግን መነሣት አለበት። የኮሌጅ ቅርጫት ኳስ ተጫዋቾች ጉቦ ተቀብለው ጨዋታ ማበላሸታቸው ሲጋለጥ ወጣት አሜሪካውያን ወዳጆቹ ምንም አልደነቃቸውም፤ እርሱ ደነገጠ። ቅኝ ገዢዎቹ ያስተማሩት የክሪኬት ሥነ ምግባር በውስጡ ምን ያህል ሥር እንደ ሰደደ የገባው ያን ጊዜ ነው።

በ1958 ወደ ትሪኒዳድ ተመለሰ። የቀድሞ ተማሪው ኤሪክ ዊልያምስ የሚመራው ፓርቲ ጋዜጣ አዘጋጅ ሆነ፤ ጋዜጣውንም ለአንድ ዘመቻ አዋለው። የዌስት ኢንዲስ ቡድን በአብዛኛው በጥቁር ተጫዋቾች የቆመ ሆኖ ሳለ፣ አምበልነቱ ለነጭና ለፈካ ቆዳ የተጠበቀ ነበር። ታላቁ ጥቁር መቺ ጆርጅ ሄድሊ እንኳ በ1948 አንድ ግጥሚያ ብቻ እንዲመራ ተፈቅዶለታል። ጄምስ በማንቸስተር ዩኒቨርሲቲ የተማረው ፍራንክ ዎሬል አምበል ካልሆነ ነፃነት የሚባለው ነገር ትርጉም የለውም ሲል በተከታታይ ጻፈ። በጥር 1960 መጨረሻ በፖርት ኦፍ ስፔን ከእንግሊዝ ጋር በተደረገው ግጥሚያ ተመልካቹ ጠርሙስ እየወረወረ ጨዋታውን አስቆመ። ሌሎች የሰካራም ረብሻ ሲሉት፣ ጄምስ ግን በቁጣው ሥር ያለውን የአምበልነት ቅሬታ አመለከተ።

ዎሬል ተሾመ። በዚያው ዓመት ታኅሣሥ ብሪዝበን ላይ ቡድኑ ከአውስትራሊያ ጋር ተጋጥሞ ሁለቱም በጠቅላላ 737 ነጥብ አስመዝግበው እኩል ወጡ፤ በታላላቅ ግጥሚያዎች ታሪክ እንዲህ ያለ ውጤት ሲመዘገብ የመጀመሪያው ነው። ውድድሩን በአጠቃላይ ያሸነፈችው አውስትራሊያ ነበረች። ቢሆንም ቡድኑ አገሩ ሲገባ እንደሚደረገው ሁሉ፣ የሜልበርን ሕዝብ መንገድ ዳር ወጥቶ ተሸናፊዎቹን ሸኛቸው። ጄምስ መጽሐፉን የሚቋጨው በዚህ ስንብት ነው።

በመጽሐፉ ውስጥ ክሪኬት እንደ ቲያትር ኪነ ጥበብ ነው የሚለው ምዕራፍ ብዙ ተወርቶለታል። ደብልዩ. ጂ. ግሬስ የተባለውን ጢማም ሐኪምና ተጫዋች ሳያነሡ የእንግሊዝን ማኅበራዊ ታሪክ የጻፉ ሊቃውንትን የሚሞግትበትም እንዲሁ። ከሁሉ ልብ የሚነካው ግን ስለ ዊልተን ሴንት ሂል የጻፈው ነው። ይህ የሻነን መቺ በ1923 ወደ እንግሊዝ ከሚሄደው ቡድን ተተወ፤ በ1928 ሲወሰድ ደግሞ ሳይሳካለት ቀረ። ሕዝቡ የተስፋውን ሸክም በአንድ ሰው ትከሻ ላይ ሲጭን ምን እንደሚሆን ከዚያ ምዕራፍ የተሻለ የሚያስረዳ ጽሑፍ ማግኘት ያስቸግራል። ዕውቁ ዘጋቢ ጆን አርሎትም መጽሐፉ ሲወጣ በዊዝደን ዓመታዊ የክሪኬት መጽሐፍ ላይ ከፍ አድርጎ አወድሶታል።

ከዊልያምስ ጋር የነበረው ወዳጅነት ግን መጽሐፉ ሳይታተም ፈርሶ ነበር። ጄምስ በ1962 ትሪኒዳድ ነፃ ከመውጣቷ ጥቂት ቀደም ብሎ ደሴቲቱን ለቀቀ። በ1965 ክሪኬት ሊዘግብ ሲመለስ የቀድሞ ተማሪው መንግሥት በቤት ውስጥ እስር አቆየው። ከእስሩ ሲፈታ የሠራተኞችና የገበሬዎች ፓርቲን ከጓደኞቹ ጋር መሠረተ፤ ፓርቲው በ1966ቱ ምርጫ አንድም ወንበር አላገኘም።

የመጨረሻ ዓመታቱን ያሳለፈው በለንደን ብሪክስተን ሰፈር፣ በመጻሕፍት በተሞላች ክፍል ውስጥ ነበር። ግንቦት 31 ቀን 1989 በ88 ዓመቱ ዐረፈ። አስከሬኑ ወደ ትሪኒዳድ ተወስዶ በቱናፑና ተቀበረ።