አርኖልድ ጆሳያ ፎርድ

ረቢ አርኖልድ ጆሳያ ፎርድ (ኤፕሪል 23 ቀን 1877 – ሴፕቴምበር 1935 እ.ኤ.አ.) በካሪቢያን አካባቢ በምትገኘው ባርቤዶስ ደሴት ተወልደው፣ በኒው ዮርክ ሠርተው፣ አዲስ አበባ ላይ ያረፉ ሙዚቀኛ፣ የመዝሙር ደራሲና የጥቁር አይሁዳውያን መንፈሳዊ መሪ ነበሩ። ወደ ኢትዮጵያ የመጡት በባሕር ማዶ የተበተኑ ጥቁር ሕዝቦችን በአፍሪካ ምድር ለማስፈር ነበር። ይሁን እንጂ በአዲስ አበባ የዕለት እንጀራቸውን ያገኙት በአብዛኛው ከጥቂት ጓደኞቻቸው ጋር በሆቴሎች ከሚያቀርቡት ሙዚቃ ነው።

በዚህ ጽሑፍ «ዓ.ም.» ያልተባለባቸው ዓመታት እ.ኤ.አ. ናቸው።

ልጅነትና ትምህርት

ፎርድ የተወለዱት በባርቤዶስ ዋና ከተማ በብሪጅታውን ነው። ደሴቲቱ በዚያን ጊዜ የእንግሊዝ ቅኝ ግዛት ነበረች። ወላጆቻቸው ልጃቸው ሙዚቀኛ እንዲሆን ስለፈለጉ መምህራን ቀጥረው በተለይ ሃርፕ፣ ቫዮሊንና ባስ አስተማሯቸው። የሙዚቃ ንድፈ ሐሳብን ደግሞ ከኤድመስቶን ባርንስ ተማሩ።

ያደጉበት አካባቢ ሁለት ዓይነት ሙዚቃ ይሰማበት ነበር። አንደኛው የእንግሊዝ ወታደሮችን የከበሮና የዋሽንት ሰልፍ ከአፍሪካ ምት ጋር ያዋሐደው፣ «ተክ» የሚባለው የባርቤዶስ ሕዝብ ሙዚቃ ነው። ሁለተኛው በካሪቢያን ደሴቶች የተለመደው የክር መሣሪያ ጓድ ሲሆን ቫዮሊን፣ ጊታርና የመሳሰሉት ይጫወቱበታል። ከእነዚህ ጓዶች አንዱ የሆነው የትሪኒዳዱ የላቪ ባንድ በ1912 ኒው ዮርክ ሄዶ ሸክላ አስቀርጿል።

ፎርድ በ1899 በእንግሊዝ ባሕር ኃይል የሙዚቃ ክፍል ገብተው አለርት በተባለች መርከብ ላይ አገለገሉ።

ሐርለምና ክሌፍ ክለብ

በ1910 አካባቢ ፎርድ ወደ ኒው ዮርክ ተሻግረው በሐርለም ሰፈር መኖር ጀመሩ። በዚያው ዓመት ጄምስ ሪስ ዩሮፕ ክሌፍ ክለብን አቋቁሞ ነበር። ክለቡ ለጥቁር ሙዚቀኞች እንደ ማኅበርም እንደ ሥራ አገናኝ ቢሮም ያገለግል ነበር፤ አንድ ሀብታም ለግብዣው ሙዚቀኛ ሲፈልግ ወደ ክለቡ ይደውላል፣ ክለቡም እንደ ግብዣው ስፋት ከሦስት ሰው ጀምሮ እስከ ትልቅ ኦርኬስትራ ይልካል። ፎርድ በዚህ ክለብ ኦርኬስትራ አባል ሆኑ።

ክለቡ ሜይ 2 ቀን 1912 በካርኔጊ አዳራሽ ከመቶ በላይ ሙዚቀኞችን አሰልፎ ያቀረበው ዝግጅት በጃዝ ታሪክ ውስጥ ትልቅ ቦታ አለው። የኦርኬስትራው አደረጃጀት ከአውሮፓው የተለየ ነበር። ቫዮሊን፣ ቼሎና ባስ ቢኖሩትም፣ ዋናውን ድምፅ የሚሰጡት በብዛት የተደረደሩት ማንዶሊኖች፣ ባንጆዎችና በርካታ ፒያኖዎች ነበሩ። ከዚህ ዝግጅት ብዙም ሳይቆይ ፎርድ የኒው አምስተርዳም የሙዚቃ ማኅበር ዳይሬክተር ሆኑ።

ያለ ማጉያ የሚሰማ ጓድ

ፎርድ ሙያቸውን በተማሩበት ዘመን የኤሌክትሪክ ድምፅ ማጉያ በዳንስ ቤት አልነበረም። ሸክላ በማይክሮፎን መቀረጽ የጀመረው በ1925 ነው። ስለዚህ የትንሽ ጓድ መሣሪያዎች የሚመረጡት በዜማቸው ብቻ ሳይሆን በጉልበታቸውም ነበር።

ባንጆ ተወዳጅ የሆነው በዚህ ምክንያት ነው። የድምፅ ሣጥኑ ፊት እንደ መሰንቆ በቆዳ የተወጠረ በመሆኑ፣ ክሩ ሲመታ ድምፁ ስለታም ሆኖ ይወጣና ቶሎ ይጠፋል። ይህ ጠባዩ የሰው ጫጫታ በበዛበት አዳራሽ ምቱን ለጨፋሪው በግልጽ ያሰማል። የእንጨት ጊታር ግን ድምፁ ለስላሳ ስለሆነ ይዋጣል፤ ባንጆን የተካውም ማይክሮፎንና ማጉያ ከተስፋፉ በኋላ ነው። ዘፋኙም ድምፁን ለማሻገር በጡሩምባ መሰል ቀፎ ይዘፍን ነበር።

ደብል ባስ በበኩሉ ቁመቱ ከሰው ይበልጣል። ወፍራም ድምፅ ብዙ አየር ማንቀሳቀስ ስለሚፈልግ ሣጥኑ ትልቅ መሆን አለበት። ባሲስቱ በቀስት እየሳበ ወይም በጣቱ እየነጠቀ ለመላው ጓድ መሠረት ይጥላል።

እነዚህ መሣሪያዎች የአየር ጠባይ ይነካቸዋል። ከበሮ በክረምት እንደሚላላና እሳት እንደሚሞቅ ሁሉ የባንጆ ቆዳም በእርጥበት ይላላል፣ በበጋ ይወጠራል። እንጨቱም በድርቀት ሊሰነጠቅ ይችላል።

መዝሙርና ሃይማኖት

ፎርድ የማርከስ ጋርቬይን የጥቁር ሕዝቦች መሻሻል ማኅበር ተቀላቅለው የመዘምራኑ መሪ ሆኑ። ከቤንጃሚን በረል ጋር የደረሱት ስለ ኢትዮጵያ የሚዘምር መዝሙር በ1920 በማኅበሩ ትልቅ ጉባኤ ኦፊሴላዊ መዝሙር እንዲሆን ጸደቀ። ኢትዮጵያ የሚለው ስም በዚህ መዝሙር ውስጥ የመላው አፍሪካ ምሳሌ ነበር። ፎርድ ለማኅበሩ የመዝሙር መጽሐፍም አዘጋጅተዋል።

ፎርድ የአይሁድን እምነት ተቀብለው ዕብራይስጥ ተምረው ነበር። ጋርቬይ ማኅበሩን ወደዚህ እምነት እንዲመሩ ያቀረቡት ሐሳብ ግን ተቀባይነት አላገኘም። በ1924 በሐርለም ቤት ብኔ አብርሃም የተባለ ምኩራብ መሠረቱ።

በአዲስ አበባ

በ1930 ምኩራቡ በገንዘብ እጥረት ተቸግሮ በነበረበት ጊዜ ፎርድ ጥቂት ሙዚቀኞችን ይዘው ወደ ኢትዮጵያ ተጓዙ። አመጣጣቸው ጥቅምት 23 ቀን 1923 ዓ.ም. ከተከበረው የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ የዘውድ በዓል ጋር የተያያዘ ሲሆን በበዓሉ ሰሞን ሙዚቃ አቅርበዋል።

አዲስ አበባ ለዘመናዊ መሣሪያ እንግዳ አልነበረችም። ከዐድዋ ድል በኋላ የሩሲያ ንጉሥ ለዳግማዊ ምኒልክ የነሐስ መሣሪያዎች ልከው ነበር። ራስ ተፈሪ በ1924 ከኢየሩሳሌም ያመጧቸው አርባ የአርመን ወላጅ አልባ ልጆችም በኬቮርክ ናልባንዲያን መሪነት የቤተ መንግሥቱ ባንድ ሆነዋል። ነገር ግን እነዚህ ባንዶች በነሐስ የትንፋሽ መሣሪያ የተደራጁ፣ ለሰልፍና ለክብረ በዓል የተዘጋጁ ነበሩ። የፎርድ ጓድ ትንሽ ነበር፤ የሚጫወተውም በሆቴል ለሚስተናገዱ ሰዎች ነው።

ፎርድ ለሰፈራ የሚሆን 800 ኤከር መሬት አገኙ። ወደ 100 የሚጠጉ ሰዎችም ሊያግዟቸው መጡ። ይሁን እንጂ አሜሪካ በኢኮኖሚ ውድቀት ላይ ስለነበረች ከደጋፊዎቻቸው የሚላከው ገንዘብ በቂ አልነበረም፤ ሰፈራውም እንደታሰበው ሳይሆን ቀረ። ፎርድ አልተመለሱም። በ1931 ከሁለተኛው ቡድን ጋር የመጡትን የባርቤዶስ ተወላጅ ሚኞን ኢኒስን አግብተው ሁለት ልጆች ወለዱ።

ሞትና ትውስታ

ፎርድ በሴፕቴምበር 1935 አዲስ አበባ ውስጥ አረፉ። የፋሺስት ኢጣሊያ ጦር መስከረም 22 ቀን 1928 ዓ.ም. ድንበር ሲጥስ ከሞቱ ጥቂት ሳምንታት ብቻ ተቆጥረው ነበር። አንዳንድ ጸሐፊዎች በአሜሪካ የኔሽን ኦቭ ኢስላም መሥራች ከሆነው ፋርድ ጋር አንድ ሰው አድርገው ቢገምቷቸውም፣ በእነዚያ ዓመታት በአዲስ አበባ መኖራቸውና እዚያው መሞታቸው ግምቱን ውድቅ ያደርገዋል።

ባለቤታቸው ወይዘሮ ሚኞን ፎርድ በጦርነቱም ዘመን ከኢትዮጵያ ሳይወጡ ቆዩ። ከነጻነት በኋላ ወንዶችና ሴቶች አብረው የሚማሩበት ትምህርት ቤት አቋቋሙ፤ ይህም በኋላ ልዕልት ዘነበወርቅ ትምህርት ቤት ተባለ። ልጃቸው ፕሮፌሰር አብይ ፎርድ በአሜሪካ ሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ፊልም ካስተማሩ በኋላ ተመልሰው በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ አገልግለዋል። ፎርድ ያሰቡት ሰፈራ ባይሳካም፣ ቤተሰባቸው በኢትዮጵያ ለብዙ አሥርት ዓመታት ትውልድ አስተምሯል።