የእንፍራንዙ ፈላስፋ ዘርዓ ያዕቆብ

አቴናውያን በሞት የቀጡትን ሶቅራጥስን በኋላ ተጸጽተው በቀራጺው ሊሲጶስ የነሐስ ሐውልት እንዳሠሩለት የጥንቱ ጸሐፊ ዲዮጋን ላኤርጥዮስ መዝግቧል። ከወረታ ወደ ጎንደር በሚወስደው መንገድ ከአዲስ ዘመን ቀጥላ በምትገኘው እንፍራንዝ የኖረው ዘርዓ ያዕቆብ ግን የሚታወቀው ሐተታ በተሰኘው መጽሐፉ ነው።

በመጽሐፉ እንደተገለጸው በ1592 ዓ.ም. በአክሱም አቅራቢያ ከድሃ ገበሬ ተወልዶ ቅኔና የመጻሕፍት ትርጓሜ ተምሯል። በአፄ ሱስንዮስ ዘመን በሃይማኖት ውዝግብ ምክንያት በንጉሡ ዘንድ ስለተከሰሰ ጥቂት ወርቅና መዝሙረ ዳዊት ይዞ በመሸሽ ሁለት ዓመት በዋሻ ተቀመጠ።

ንጉሡ ካረፉ በኋላ በእንፍራንዝ ሀብቱ በተባሉ ባለጸጋ ቤት ዳዊት እየጻፈና ልጆቻቸውን እያስተማረ ኖሯል። የቤቱን አገልጋይ ኂሩትን ሲያጭም ባልና ሚስት በጋብቻ እኩል ስለሆኑ ከእንግዲህ ገረድ እንዳትባል ጠይቋል። ይህ ለዘመኑ ቀላል ቃል አልነበረም። ሐተታን የጻፈው በ1660 ዓ.ም. በደቀ መዝሙሩ ወልደ ሕይወት ጥያቄ ነው።

ጽሑፉን በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ወደ አውሮፓ የላኩት ኢጣሊያዊው ሚሲዮናዊ ጁስቶ ዳ ኡርቢኖ ናቸው። ኮንቲ ሮሲኒ በ1920 እ.ኤ.አ. ደራሲው ራሳቸው ሚሲዮናዊው ናቸው ሲሉ ጻፉ፤ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ያስተማሩት ካናዳዊው ክላውድ ሰምነር ደግሞ የዘርዓ ያዕቆብ ሥራ መሆኑን ለማስረዳት ብዙ ደክመዋል። ክርክሩ በምሁራን መካከል ዛሬም ቀጥሏል።