የዳንኤል ኮላዶን ታሪክ

በክረምት ከአሮጌ ቤቶች አሸንዳ ውሃ እየጎበጠ ሲወርድ ያላየ ተማሪ የለም። ብርሃንም እንደዚያ ከውሃ ጋር ሊጎብጥ እንደሚችል ያሳየው ዳንኤል ኮላዶን፣ በአውሮፓ አቆጣጠር በ1802 ዓ.ም. በስዊስ አገር በጄኔቭ ከተማ ተወለደ።

በ1826 ከባልንጀራው ከስቱርም ጋር በከተማው ሐይቅ ውስጥ ደወል እየተመታ የድምፅን ፍጥነት በውሃ ለካ። በ1841 ደግሞ መምህር ሳለ፣ ከገንዳ ቀዳዳ የሚፈልቀውን ውሃ ተማሪዎቹ ሁሉ እንዲያዩለት ብሎ ከበስተኋላ ብርሃን ላከበት፤ ብርሃኑም ከውሃው ሳይወጣ አብሮት ጎበጠ። የሚያሳዝነው፣ ይህ ሥራ በብዙ መጻሕፍት በ1854 ያንኑ ላሳየው ለእንግሊዝ አገሩ መምህር ለቲንዳል ብቻ ሲቆጠር መኖሩ ነው። ኮላዶን በ1893 ሞተ።

በዚያው በጄኔቭ አጠገብ በ1954 የተቋቋመው ሰርን የተባለው የምርምር ድርጅት የአቶም ቅንጣቶችን በታላላቅ መኪናዎች ያስሮጣል። ከመንገዳቸው የሳቱት የቧንቧውን ግድግዳ ሲመቱ መኪናው ሊጎዳ ይችላል። ስለዚህ በቧንቧው ጎን ቀጭን የመስታወት ክር መዘርጋት ተሞክሯል፤ የተበተኑት ቅንጣቶች በክሩ ሲያልፉ ደብዛዛ ሰማያዊ ብርሃን ይፈጠራል፤ ክሩም እንደ ኮላዶን ውሃ ብርሃኑን እስከ ጫፍ ያደርሰዋል። መሐንዲሶቹ የደረሰበትን ቅጽበት ለክተው ቅንጣቶቹ የባከኑበትን ቦታ ያውቃሉ።