ፀሐይ ስትዞር የሚለወጠው ሥዕል፦ የአንኮበሩ አፈወርቅ ተክሌ

አፍሪካ አዳራሽን ከውጭ ሳታዩት አትቀሩም። ዛሬ የምናወራችሁ ግን ውስጡ ስላለው 150 ካሬ ሜትር ባለቀለም መስታወትና ስለ ባለቤቱ ነው።

እጅግ የተከበሩ የዓለም ሎሬት ሜትር አርቲስት አፈወርቅ ተክሌ ጥቅምት 12 ቀን 1925 ዓ.ም. አንኮበር ተወለዱ። ሰሜን ሸዋ፣ ከመንዝ በስተደቡብ፣ ቁልቁል የአፋር ቆላ የሚታይበት ደጋ ማለት ነው። ልጅነታቸው በጣሊያን ወረራ ዘመን አለፈ።

እ.ኤ.አ. በ1947 እንግሊዝ የተላኩት የማዕድን ምህንድስና እንዲማሩ ነበር። አስቡት፣ አገር ገና ከጦርነት ወጥታ መሐንዲስ ትፈልጋለች፣ ልጁ ግን እጁ ብሩሽ ላይ ነው! መምህሮቻቸው ተሰጥኦውን አዩ፤ ለንደን ውስጥ ሥዕል፣ ቅርጻ ቅርጽና ሥነ ሕንፃ ተማሩ። በ1954 ተመልሰው አዲስ አበባ ላይ የመጀመሪያ ኤግዚቢሽናቸውን አሳዩ። ከዚያ እንደገና አውሮፓን እየዞሩ የመስታወት ሥዕል ጥበብን አጠኑ።

የዚህ ፍሬ ነው አፍሪካ አዳራሽ ያለው። ሕንፃው በ1961 ሲመረቅ መስታወቱ የግድግዳው አካል ነበር። ሦስት ክፍል አለው፦ ያለፈው የአፍሪካ መከራ፣ የነጻነት ትግሉ እና መጪው ተስፋ። በተስፋው ክፍል የሀገር ልብስ የለበሰ ቤተሰብ ችቦ ይዞ ይታያል።

ሸራ ላይ የተሳለ ሥዕል ተነቅሎ ሌላ ቤት ይሰቀላል። ይሄ ግን ብርሃኑን የሚያገኘው ከውጭ ነው። ጠዋትና ከሰዓት አንድ አይነት አይደለም፤ ደመና ሲመጣ ቀይ ቀለሙ ይደበዝዛል፣ ፀሐይ ስትወጣ ይፈካል። የአዲስ አበባ ሰማይም አብሮ ይሥላል ብንል ማጋነን አይሆንም። ግንቦት 17 ቀን 1955 ዓ.ም. የአፍሪካ አንድነት ድርጅት የተመሠረተውም እዚሁ አዳራሽ ውስጥ ነው።

ለቦታ የተሠራ ሥራ ግን ዕጣው ከቦታው ጋር ነው። ሐረር ላይ የሠሩት፣ ራስ መኮንንን ፈረስ ላይ ያሳየው ሐውልት በሰኔ 2012 ዓ.ም. ግርግር ፈረሰ። ስለ ራስ መኮንን ታሪክ ሰው የተለያየ ስሜት አለው፤ ክርክሩም ገና አላለቀም። የአርቲስቱ የእጅ ሥራ ግን ክርክሩ እስኪያልቅ አልጠበቀም። አፍሪካ አዳራሽ በተቃራኒው ታድሶ፣ መስታወቱም ተጠግኖ በ2017 ዓ.ም. ተከፍቷል።

ሎሬቱ ሁለቱንም አላዩም። ሚያዝያ 2 ቀን 2004 ዓ.ም. አርፈው ቅድስት ሥላሴ ካቴድራል ተቀብረዋል። ራሳቸው ነድፈው ያሠሩት መኖሪያና ስቱዲዮ፣ ቪላ አልፋ፣ አዲስ አበባ ውስጥ አለ።

እኛ የምንለው፦ እንዲህ ያለ ሥራ ሙዚየም አስገብተን ልንደብቀው አንችልም። ያለው ጠባቂ ሰፈሩ፣ ከተማው፣ እኛው ነን። አፍሪካ አዳራሽ የመግባት ዕድል ካገኛችሁ ፎቶ አንስታችሁ ብቻ አትውጡ። ትንሽ ቁጭ በሉና ብርሃኑ ሲዞር እዩት።