ከባሪያ መርከብ እስከ ጵጵስና
የሳሙኤል አጃዪ ክራውዘር የሕይወት ታሪክ በአጭሩ

በአፍሪቃ ስለተካሄደው የወንጌል ስብከትና የበጎ አድራጎት ሥራ በሚነገርበት ጊዜ ለብዙዎቻችን ቶሎ የሚታየን ከባሕር ማዶ የመጣ ነጭ ሰባኪ ነው። እርሱ ያስተምራል፥ ጥቁሩ ያዳምጣል፤ እርሱ ይሰጣል፥ ጥቁሩ እጁን ዘርግቶ ይቀበላል። ይህ አመለካከት ጨርሶ ሐሰት ነው ለማለት ባንችልም ጎደሎ መሆኑ ግን አያጠራጥርም። በምዕራብ አፍሪቃ ከመንደር ወደ መንደር ተዘዋውረው ካስተማሩት፥ ፊደል ካስቆጠሩትና ድውያንን ከጎበኙት መካከል እጅግ የሚበዙት ራሳቸው የአፍሪቃ ልጆች ነበሩ። እኛም በዚህ ጽሑፍ ከእነዚሁ የአንዱን፥ የሳሙኤል አጃዪ ክራውዘርን ሕይወት ለወጣት ወንድሞቻችንና እኅቶቻችን ለማቅረብ ወደድን። የምንጠቅሳቸው ዓመታት፥ ስለ አገራችን ስንናገር ካልሆነ በቀር፥ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

አጃዪ በ1809 ገደማ ዛሬ ናይጄሪያ በምትባለው አገር፥ በዮሩባ ምድር፥ ኦሾጉን በምትባል ከተማ ተወለደ። በዚያን ዘመን ታላቁ የኦዮ መንግሥት ተዳክሞ ስለነበረ የዮሩባ ምድር በጦርነት ትታመስ ነበር። ጦርነቱን ያባባሰው ደግሞ የባሪያ ንግድ ነው፤ ምርኮኛ የያዘ ሁሉ በባሕሩ ዳር ገዥ አያጣም ነበርና። በ1821 አንድ ቀን ማለዳ፥ ሰው ገና ቁርሱን ሳይቀምስ፥ ወራሪዎች ኦሾጉንን ከበቧት፤ ከተማይቱም ነደደች። በዚያን ጊዜ የአሥራ ሁለት ወይም የአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ የነበረው አጃዪ ከእናቱ፥ ከእኅቶቹና ከሌሎች ዘመዶቹ ጋር አንገቱ በገመድ ታሥሮ ተነዳ። ብዙም ሳይቆይ እናትና ልጅ ተለያዩ። ልጁ አንድ ጊዜ በፈረስ ተለወጠ፤ ከዚያም ከእጅ ወደ እጅ እየተሸጠ ወደ ባሕሩ ዳር ተጠጋ። በነጮቹ እጅ ከመውደቅ ሞትን በመምረጥ ሌሊት ራሱን ለማጥፋት እስከ ማሰብ ደርሶ ነበር። በመጨረሻም በሌጎስ ለፖርቱጋል ነጋዴዎች ተሸጠና ከብዙ መሰሎቹ ጋር መርከብ ውስጥ ታጨቀ።

እንግሊዝ ራሷ በባሪያ ንግድ የከበረች አገር ብትሆንም በ1807 ንግዱን በሕግ ከልክላ ስለነበረ የጦር መርከቦቿ የምዕራብ አፍሪቃን ጠረፍ ይጠብቁ ነበር። አፕሪል 7 ቀን 1822 ሚርሚዶን የተባለችው መርከብ አጃዪ የተጫነበትን የፖርቱጋል መርከብ ያዘች። ነጻ የወጡትም ሰዎች በዚያው ዓመት ሴራሊዮን ውስጥ ወደምትገኘው ፍሪታውን ተወሰዱ። ፍሪታውን ከባርነት ለተለቀቁ ሰዎች የተመሠረተች ከተማ ነበረች። ከልዩ ልዩ ነገድ የመጡ፥ ቋንቋቸው የማይግባባ፥ ዘመድ የሌላቸው ሰዎች እንደገና ኑሮ የሚጀምሩባት ስፍራ ነበረች ለማለት ይቻላል።

አጃዪ እዚያ የቤተ ክርስቲያን ሚሲዮን ማኅበር በተባለው የእንግሊዝ ማኅበር ትምህርት ቤት ገባ። ትምህርት ከመውደዱ የተነሣ በስድስት ወር ውስጥ ማንበብ ቻለ፤ ከዚህም ጋር የአናጢነት ሙያ ተማረ። ዲሴምበር 11 ቀን 1825 ሲጠመቅ የማኅበሩ አባል በነበሩ በአንድ የእንግሊዝ ቄስ ስም ሳሙኤል ክራውዘር ተባለ። በ1827 የፉራ ቤይ ኮሌጅ ሲከፈት ከመጀመሪያዎቹ ተማሪዎች አንዱ እርሱ ነበር። ትምህርቱን ጨርሶ መምህር ሆነ፤ እንደ እርሱ ከባሪያ መርከብ የዳነችውን አሳኖን አገባ። እርሷም በጥምቀት ስሟ ሱዛን ተብላለች።

በ1841 የእንግሊዝ መንግሥት በኒጀር ወንዝ ላይ ሦስት መርከቦች ላከ። ዓላማው የባሪያ ንግድን ከምንጩ ለማድረቅ ነበር፤ ይኸውም ከአገሩ ባላባቶች ጋር በመዋዋልና እርሻንና ሕጋዊ ንግድን በማስፋፋት ሰው ከመሸጥ የተሻለ መተዳደሪያ እንዲገኝ ለማድረግ ነው። ክራውዘርም አስተርጓሚ ሆኖ አብሮ ሄደ። ይሁን እንጂ ከ145 ያህል ነጮች መካከል 40 ያህሉ በወባ አለቁና መርከቦቹ ተመለሱ። ከዚህ መከራ የተገኘው ትምህርት ግን ትልቅ ነበር። የአፍሪቃን ምድር የሚያስተምራት አየሯን የለመደና ቋንቋዋን የሚያውቅ የራሷ ልጅ መሆን እንዳለበት ማኅበሩም፥ ክራውዘርም አመኑ። እርሱም ወደ እንግሊዝ ተልኮ በ1843 ለንደን ላይ ቅስና ተቀበለ።

ቄስ ክራውዘር ከሦስት ዓመት በኋላ፥ በኦገስት 1846፥ በትውልድ ምድራቸው አቤኦኩታ ወደምትባለው ከተማ ገቡ። ገና ሦስት ሳምንት ሳይሞላቸው አንዲት አሮጊት ሊጠይቋቸው መጡ። በገመድ ታሥረው አብረው የተነዱት እናታቸው አፋላ ነበሩ። ከተለያዩ 25 ዓመት ሆኗቸዋል። ሁለቱም ለጥቂት ጊዜ አንድ ቃል ሳይናገሩ ተያዩ፤ ከዚያም እንባ ሆነ። እናቲቱም በልጃቸው ዘንድ ተምረው በ1848 ተጠመቁ፤ ስማቸውም ሐና ተባለ። የነቢዩ የሳሙኤል እናት ስም ሐና መሆኑን ለምናውቅ ሁሉ የስያሜው ምክንያት ግልጥ ነው። የዮሴፍን ታሪክ ያነበበ ሰውም ይህን ሲሰማ የሚያስታውሰው ነገር አያጣም።

ቄስ ክራውዘር ከሠሩት ሥራ ሁሉ የሚበልጠው በቋንቋ ረገድ የፈጸሙት ነው። ከ1843 ጀምሮ የዮሩባ ቋንቋ መዝገበ ቃላትና ሰዋስው አሳተሙ፤ መጽሐፍ ቅዱስንም መተርጐም ጀመሩ። ለትርጉም ሥራው ቤታቸው ተቀምጠው ከእንግሊዝኛ ቃል በቃል አልገለበጡም። ሽማግሌዎች በሚነጋገሩበት ስፍራ እየተገኙ ያደምጡ፥ ምሳሌያዊ ንግግሩን ይመዘግቡ፥ በሰፈር የተረሳውን ጥሩ ቃል ከአረጋውያን አፍ ይለቅሙ ነበር። በዮሩባ ቋንቋ አንድ ቃል በድምፅ ከፍታና ዝቅታ ብቻ ትርጉሙን የሚለውጥ መሆኑን ተረድተው በጽሑፍ ለማመልከት ጣሩ። ከባልደረቦቻቸው ጋር የደከሙበት የዮሩባ መጽሐፍ ቅዱስ በ1884 ሙሉ በሙሉ ተፈጸመ። በኢግቦና በኑፔ ቋንቋዎችም የማስተማሪያ መጻሕፍት አዘጋጅተዋል።

ለሥጋም ማሰብ አልቀረም። በአቤኦኩታ ገበሬው ጥጥ እንዲያመርትና ወደ እንግሊዝ እንዲልክ ይመከር፥ ይረዳ ነበር። ጥጥ ሸጦ የሚያድር ሰው ጎረቤቱን ማርኮ ለመሸጥ አይቸኩልምና። በ1851 እንግሊዝ በሄዱ ጊዜም በንግሥት ቪክቶሪያ ፊት ቀርበው ስለ ባሪያ ንግድ ግፍ አስረድተዋል። በ1854 ደግሞ ፕሌያድ በተባለች መርከብ እንደገና ኒጀርን ወጡ። የመርከቧ አዛዥ ዶክተር ቤይኪ ለሰዎቻቸው ኪኒን በየዕለቱ ይሰጡ ስለነበረ በዚህ ጊዜ አንድ ነጭ እንኳ በበሽታው አልሞተም። ከሦስት ዓመት በኋላ፥ በ1857፥ የኒጀር ሚሲዮን ሲቋቋም ክራውዘር መሪ ሆኑ። በኦኒቻና በሌሎችም የወንዙ ዳር ከተሞች ጣቢያና ትምህርት ቤት ተከፈተ፤ ሠራተኞቹም ሁሉ አፍሪቃውያን ነበሩ። ከእስላም መሪዎችም ጋር በክርክር መፎካከርን አልወደዱም፤ በአክብሮት ቀርበው ያነጋግሯቸው፥ በዐረብኛ የተጻፈ መጽሐፍ ቅዱስም ይሰጧቸው ነበር።

ጁን 29 ቀን 1864 በካንተርበሪ ካቴድራል የአንግሊካን ቤተ ክርስቲያን የመጀመሪያው አፍሪቃዊ ጳጳስ ሆነው ተሾሙ። በዚያ ቀን ከተገኙት ሰዎች መካከል በልጅነታቸው ከባርነት ያወጣቻቸው መርከብ አዛዥ የነበረው ሰው ነበረበት። በፈረስ ተለውጦ የነበረ ልጅ በ42 ዓመት ውስጥ ከዚያ ደረጃ ደረሰ።

ታሪኩ እዚህ ላይ ቢያልቅ ኖሮ ደስ በሚያሰኝ ነበር። ነገር ግን ሹመቱ ከመጀመሪያው አንድ ጉድለት ነበረበት። በዮሩባ ምድር ይሠሩ ከነበሩት ነጭ ሚሲዮናውያን አንዳንዶቹ በጥቁር ጳጳስ ሥር መታዘዝን አልፈቀዱም። በዚህም ምክንያት አቡኑ የተሾሙበት አገረ ስብከት የገዛ ወገኖቻቸው የሚኖሩባቸውን ሌጎስንና አቤኦኩታን ሳይጨምር ከዚያ ውጭ ያለው ሰፊ ምድር ሆነ። የማኅበሩ ዋና ጸሐፊ የነበሩት ሄንሪ ቬን፥ አንድ ቤተ ክርስቲያን ራሷን የምታስተዳድር፥ በራሷ ገንዘብ የምትተዳደርና በራሷ ልጆች የምትሰብክ መሆን አለባት ብለው ያምኑ ስለነበረ ይደግፏቸው ነበር። እርሳቸውም በ1873 ሞቱ።

አቡነ ሳሙኤል የሚጠብቁት አገር እጅግ ሰፊ፥ ቋንቋው ብዙ ነበር። ለረጅም ዘመን የሚሄዱበት የራሳቸው መርከብ ስላልነበራቸው በነጋዴዎች መርከብ ይጓዙ ነበር። ከሩቅ ጣቢያ ከነበሩት ሠራተኞች አንዳንዶቹ ወደ ንግድ ያዘነበሉ፥ ሌሎቹም ከዚያ የከፋ በደል የፈጸሙ ነበሩ። አቡኑም ለመቅጣት የዘገዩበት ጊዜ አለ። ይህን መደበቅ ለማንም አይጠቅምም። ይሁን እንጂ በ1880ዎቹ መጨረሻ ከእንግሊዝ የመጡት ወጣት ሚሲዮናውያን የጥቂቶቹን በደል የሁሉም አደረጉት። ከአፍሪቃውያን መሪነት የሚገኝ መልካም ነገር የለም እስከ ማለት ደረሱ። በኦገስት 1890 ኦኒቻ ላይ በተደረገ የገንዘብ ኮሚቴ ስብሰባ፥ የሰማንያ ዓመት አዛውንት የሆኑት ጳጳስ ተቀምጠው እያዩ፥ የልጅ ልጆቻቸው በሚሆኑ ወጣቶች ብዙ ቀሳውስትና መምህራን ከሥራ ታገዱ። ከእነርሱም አንዱ የገዛ ልጃቸው ሊቀ ዲያቆናት ዳንደሰን ነበር። ሽማግሌው ከኮሚቴው መውጣታቸውን አስታውቀው ተነሡ።

ብዙዎች ከዚያ በኋላ ከማኅበሩ ተለይተው የራሳቸውን ጉባኤ እንዲመሠርቱ ይጠብቁ ነበር። አቡነ ሳሙኤል ግን አልተለዩም፤ ይልቁን የዴልታው ምእመናን በራሳቸው ገንዘብ ራሳቸውን የሚያስተዳድሩበት መንገድ እንዲገኝ ያስቡ ጀመር። በዚህ ላይ ሳሉ በሕመም ተይዘው ዲሴምበር 31 ቀን 1891 በሌጎስ ዐረፉ። በእግራቸው የተተካው እንግሊዛዊ ጳጳስ ነው። የራሱን አገረ ስብከት የሚመራ ሌላ አፍሪቃዊ በዚያች ቤተ ክርስቲያን እስኪሾም ድረስ ስድሳ ዓመት ያህል አለፈ። ከተሾሙ 150 ዓመት በሞላበት በ2014፥ በዚያው በካንተርበሪ ካቴድራል በተደረገ የንስሐ ጸሎት፥ የካንተርበሪው ሊቀ ጳጳስ ጀስቲን ዌልቢ ስለተፈጸመባቸው በደል ይቅርታ ጠየቁ።

ይህ ታሪክ ከአገራችን ጋር የሚገናኝበት መሥመር አለ። አቡኑ በዐረፉበት በ1891 በሌጎስ የተባበረው የአገር ተወላጆች አፍሪቃዊ ቤተ ክርስቲያን የተባለው ማኅበር ከነጮች አስተዳደር ተለይቶ ቆመ። እንዲህ ያለው እንቅስቃሴ በምዕራብም በደቡብም አፍሪቃ ተስፋፍቶ በታሪክ ጸሐፊዎች ዘንድ ኢትዮጵያዊነት ተብሎ ይጠራል። በመጽሐፍ ቅዱስ የተጠራችው፥ ጥንታዊት ክርስቲያን የሆነችውና በቅኝ ግዛት ያልተያዘችው ኢትዮጵያ ተስፋቸው ነበረችና። በ1888 ዓ.ም. የተገኘው የዐድዋ ድልም ይህን ተስፋ አጸናው። ሆኖም ከአባ ሰላማ ጀምሮ 1600 ዓመት ያህል ጳጳስ ከግብፅ የምትጠብቀው የእኛዋ ቤተ ክርስቲያን የመጀመሪያዎቹን ኢትዮጵያውያን ጳጳሳት ያገኘችው በ1921 ዓ.ም.፥ የመጀመሪያውን ፓትርያርክ አቡነ ባስልዮስን ደግሞ በ1951 ዓ.ም. ነው። የራስን አባት ከራስ ልጆች መካከል የማግኘት ጥያቄ ስለዚህ ለእኛም እንግዳ አይደለም።

ከአቡነ ሳሙኤል ሕይወት የምንማረው ምንድን ነው? በመጀመሪያ፥ ሰውን መርዳት ከማዳመጥ ይጀምራል። እርሳቸው የገዛ ወገኖቻቸውን ቋንቋ እንኳ እንደማያውቁት አድርገው ከአረጋውያን እግር ሥር ተቀምጠው ተምረዋል። ሁለተኛ፥ እህል ወይም መድኃኒት ሰጥቶ አመኔታን የሚነፍግ ሰው ሥራው ግማሽ ነው። ያስተማሩትን ሰው፥ ጊዜው ሲደርስ፥ ሥራውን አስረክቦ ከኋላው መቆም ከመስጠት ይከብዳል። ኦኒቻ ላይ የጎደለው ይህ ነበር።

እኛ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ነገ በመምህርነት፥ በሐኪምነት ወይም በእርሻ ባለሙያነት ወደ ገጠር እንሄዳለን። ወደማናውቀው ቋንቋና ባሕል ስንገባ የእነዚያን ወጣቶች ትዕቢት ይዘን እንዳንገባ መጠንቀቅ ይገባናል። የተማረ ሰው ሁሉ ይህ ፈተና አለበት፤ ቀለሙ ጥቁርም ሆነ ነጭ ልዩነት የለውም። ለአገልግሎት በምንሰማራበት ሁሉ ከእኛ በፊት በቦታው የደከሙ ሰዎች መኖራቸውን እንጠይቅ፤ ስማቸውን እንወቅ፤ ሥራችንንም ከእነርሱ ጋር እንጀምር።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።