የቻሌንጀርን አደጋ አስቀድመው ያስጠነቀቁት መሐንዲስ

ቻሌንጀር የተሰኘችው የአሜሪካ የጠፈር መንኮራኩር ሰባት ጠፈርተኞችን አሳፍራ እ.ኤ.አ ጃንዋሪ 28 ቀን 1986 ከፍሎሪዳ በተነሳች በ73ኛው ሰከንድ አየር ላይ ተበታትና የሁሉም ሕይወት አልፏል። አደጋው ሊደርስ እንደሚችል ከወራት በፊት በጽሑፍ ያሳወቁት፣ በዋዜማውም በረራው እንዲዘገይ አጥብቀው የተከራከሩት መሐንዲስ ሮጀር ቦዦሌ ነበሩ።

ቦዦሌ እ.ኤ.አ በ1938 በማሳቹሴትስ ክፍለ ግዛት በሎዌል ከተማ ተወለዱ። በመካኒካል ምህንድስና ከተመረቁ በኋላ በአውሮፕላንና በጠፈር ኢንዱስትሪ ለዓመታት አገልግለው፣ እ.ኤ.አ በ1980 የመንኮራኩሯን ደጋፊ ሮኬቶች በዩታ ያመርት በነበረው ሞርተን ታዮኮል ኩባንያ ተቀጠሩ።

ሮኬቶቹ በክፍል በክፍል ተሠርተው የሚገጣጠሙ ሲሆኑ፣ በመጋጠሚያቸው የሚቃጠለው ጋዝ እንዳያመልጥ የሚያግዱት ሁለት የጎማ ቀለበቶች ነበሩ። እ.ኤ.አ በጃንዋሪ 1985 በብርድ ወቅት ከተካሄደ በረራ በኋላ ቦዦሌ የተመለሱትን ሮኬቶች ሲመረምሩ በቀለበቶቹ መካከል በጥላሸት የጠቆረ ቅባት አገኙ። ይህም ጋዙ የመጀመሪያውን ቀለበት አልፎ እንደነበር፣ ቅዝቃዜም ጎማውን እያደረቀ በፍጥነት እንዳይገጥም እንደሚያደርገው አመላከታቸው።

በዚያው ዓመት ጁላይ 31 ቀን ለኩባንያው የምህንድስና ምክትል ፕሬዚዳንት በጻፉት ማስታወሻ ችግሩ በአስቸኳይ ካልተፈታ የሰው ሕይወት እንደሚጠፋ አስጠነቀቁ። ችግሩን የሚያጠና ቡድን ቢቋቋምም በሰው ኃይል እጥረትና በግዥ መጓተት ምክንያት ሥራው አልተፋጠነም።

በረራው ሊካሄድ አንድ ቀን ሲቀረው ምሽት ላይ በዩታ፣ በአላባማና በፍሎሪዳ የሚገኙ ባለሙያዎችና ኃላፊዎች በስልክ ስብሰባ ተወያዩ። የኩባንያው መሐንዲሶች ከ12 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በታች በሆነ ቅዝቃዜ መንኮራኩሯ እንዳትነሳ ሐሳብ አቀረቡ። የናሳ ኃላፊዎች ማስረጃው በቂ አይደለም በማለት ተቃወሙ። ቀደም ሲል ባለሙያዎች በረራው አስተማማኝ መሆኑን እንዲያረጋግጡ ይጠየቁ ነበር፤ በዚያ ምሽት ግን አስተማማኝ አለመሆኑን እንዲያረጋግጡ ተጠየቁ። ኩባንያው የእረፍት ጊዜ ጠይቆ ሲመክር ቦዦሌና አንድ ባልደረባቸው የተጎዱትን መጋጠሚያዎች ፎቶግራፍ ዘርግተው ቢያስረዱም፣ አራት ከፍተኛ ሥራ አስኪያጆች መሐንዲሶቹን ሳያካትቱ የቀድሞውን አቋም ሻሩ። ክርክሩም የመጨረሻውን ፈቃድ ለሚሰጡት የናሳ ባለሥልጣናት ሳይደርስ ቀረ። በማግስቱ መንኮራኩሯ ስትነሳ የአየሩ ሙቀት 2 ዲግሪ ገደማ ነበር።

በቀድሞው የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ዊሊያም ሮጀርስ የተመራው አጣሪ ኮሚሽን የአደጋው መንስኤ የመጋጠሚያው ጉድለት መሆኑን አረጋገጠ፤ የውሳኔ አሰጣጡንም ነቀፈ። ቦዦሌ ማስታወሻዎቻቸውን ለኮሚሽኑ አስረክበው ምስክርነታቸውን ሰጡ። ከዚያ በኋላ ግን በመሥሪያ ቤታቸው ተገለሉ፤ ጤናቸውም ታወከ፤ በመጨረሻም ሥራቸውን ለቀቁ።

እ.ኤ.አ በ1988 የአሜሪካ የሳይንስ እድገት ማኅበር ለሳይንሳዊ ነጻነትና ኃላፊነት የሚሰጠውን ሽልማት አበረከተላቸው። በዚያው ዓመት ሴፕቴምበር ወር መንኮራኩሮች ማሻሻያ በተደረገበትና ሦስተኛ ቀለበት በተጨመረበት መጋጠሚያ ወደ በረራ ተመለሱ። ቦዦሌ ቀሪ ዘመናቸውን በዩኒቨርሲቲዎች እየተዘዋወሩ ስለ ሙያ ሥነ ምግባር በማስተማር አሳልፈው እ.ኤ.አ በጃንዋሪ 2012 በ73 ዓመታቸው አረፉ። የጻፏት ማስታወሻ ባለሙያ ያየውን አደጋ በወቅቱና በጽሑፍ የማሳወቅ፣ ኃላፊም የማዳመጥ ግዴታ እንዳለበት ማሳያ ሆና በምህንድስና ትምህርት ቤቶች ትጠቀሳለች።